ባዜቃ በነፋስ መንገድ፤ የአንድ ብረት ታሪክ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ትምህርት ቤቶች አንጻር

መግቢያ

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከጉና ተራራ ትከሻ ጀምሮ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ ድረስ ተዘርግተው የሚገኙት የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ወረዳዎች በገብስ፣ በስንዴ፣ በባቄላና በድንች እንጂ በማዕድን ወይም በፋብሪካ የሚታወቁ አይደሉም። ስለሆነም በእነዚህ ወረዳዎች ለሚያስተምር የሳይንስ መምህር በአየር ውስጥ ስለሚዘዋወር ባዜቃ፣ ማለት ሜርኩሪ፣ መናገር የሩቅ አገር ወሬ መስሎ ሊታየው ይችላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተያየት በሁለት በኩል ስሕተት መሆኑን ከታሪክ ማስረጃ በመነሣት ማሳየት ነው። አንደኛ፣ ባዜቃ አንድ ጊዜ ወደ አየር ከተለቀቀ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ለእርሱ ሩቅ የሚባል አገር የለም። ሁለተኛ፣ ይህ ብረት ባለፈው ምዕተ ዓመት በሰው ላይ ያደረሳቸው ታላላቅ ጥፋቶች ሲመረመሩ፣ ስለ ብረቱ ጠባይ የሚያውቅ ሰው በዚያን ጊዜም እንደ ነበረ እናገኛለን፤ የጎደለው ዕውቀቱ መርዙን በእጁ ወደሚይዘው ሰው መድረሱ ነበር። ይህን ጉድለት ለመሙላት ከመምህር የተሻለ ማንም የለም። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ የተሰጡት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

፩. የብረቱ ስምና ጠባይ

ባዜቃ የሚለው ስም በግዕዝም በአማርኛም የቆየ ነው፤ «ዚእበቅ» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋርም ቅርበት አለው። ብረቱ በአተም ቁጥሩ 80ኛ ሲሆን፣ ከብረቶች ሁሉ ተለይቶ በተለመደው የአየር ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ ይገኛል። የሚረጋው ከዜሮ በታች በ38.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የሚፈላው በ357 ዲግሪ ገደማ ነው። ክብደቱም ከእኩል መጠን ውኃ 13.6 እጥፍ ነው።

ይህ ክብደቱ ለሳይንስ ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል። ኢጣሊያዊው ኤቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ በ1640ዎቹ በብርጭቆ ቱቦ ውስጥ ባዜቃ ሞልቶ በመገልበጥ አየር ክብደት እንዳለው አሳየ። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ አየሩ ተሸክሞ የሚያቆመው የባዜቃ ዓምድ 760 ሚሊሜትር ነው። ይኸው ዓምድ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወደምትገኘው ወደ ነፋስ መውጫ ቢወሰድ ወደ 526 ሚሊሜትር ዝቅ ይላል፤ እዚያው ከተማ ላይ የተጣደ ውኃም 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አገራችንን የጎበኙ የውጭ አገር ሊቃውንት የተራሮቻችንን ከፍታ የለኩት በእነዚሁ ሁለት መንገዶች ነበር። ከ1831 እስከ 1833 የቆየው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ባሮሜትር ይዞ ሲጓዝ፣ ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ የኖረው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ደግሞ ውኃ የሚፈላበትን ሙቀት በቴርሞሜትር እየለካ ከፍታን ያሰላ ነበር።

ይሁን እንጂ የመሣሪያ ሠሪዎች ወዳጅ የሆነው ይህ ብረት አንድ ስውር ጠባይ አለው። ሳይፈላም፣ ሳይሞቅም ይተናል። በ20 ዲግሪ ሙቀት በተዘጋ ክፍል ውስጥ ፈስሶ የቆየ ባዜቃ እያንዳንዱን ሜትር ኩብ አየር እስከ 13 ሚሊግራም ድረስ በትነቱ ሊሞላው ይችላል። ይህም በሥራ ቦታ ሊታለፍ አይገባም ተብሎ ከተወሰነው መጠን በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ትነቱ ሽታም ቀለምም የለውም። በሳንባ በኩል ወደ ደም ገብቶ የነርቭን ሥርዓትና ኩላሊትን ይጎዳል።

፪. ከከርሠ ምድር ወደ ሰማይ

ባዜቃ በተፈጥሮ የሚገኘው በአብዛኛው ከድኝ ጋር ተዋሕዶ፣ ሲናባር በተባለ ቀይ ማዕድን መልክ ነው። ማዕድኑ በእሳት ሲጋል ድኙ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆንና ባዜቃው በትነት መልክ ይለቀቃል። ትነቱን አቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽ መመለስ የጥንት ጥበብ ነው። በእስፓኝ አገር የሚገኘው የአልማደን ማዕድን ለሁለት ሺህ ዓመታት ያህል ሲቆፈር ኖሮ ሥራው የቆመው በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ባዜቃን የዓለም ሰማይ ጉዳይ ያደረገው ግን የብርና የወርቅ ፍላጎት ነው። ባዜቃ ወርቅንና ብርን አሟሙቶ ከአፈርና ከድንጋይ የመለየት ኃይል አለው። በ1550ዎቹ ባርቶሎሜ ዴ ሜዲና በሜክሲኮ ይህንን ጠባይ በመጠቀም ከደካማ ማዕድን ብር የሚወጣበትን ዘዴ በሰፊው ሥራ ላይ አዋለ። ከዚያ ወዲህ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የአልማደንና በፔሩ የሚገኘው የዋንካቬሊካ ባዜቃ በመርከብና በበቅሎ እየተጫነ በላቲን አሜሪካ የብር ማቅለጫዎች አለቀ። በ1848 የጀመረው የካሊፎርኒያ የወርቅ ሩጫም የራሱን ጨመረ። አለቀ ስንል ጠፋ ማለታችን አይደለም፤ ከፊሉ ወደ ወንዝ፣ ከፊሉ ወደ አየር ገባ።

አገራችንም ከዚህ ታሪክ ጨርሳ ውጭ አልነበረችም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት የጠመንጃን ባሩድ የምታቀጣጥለው ትንሿ የመዳብ ቆብ የምትሠራው ፉልሚኔት ከተባለ የባዜቃ ውሑድ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በጥቅምት 1867 ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋፋት የተሠራውን ሰባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል ወደ መቅደላ አቀኑ። ያን መንገድ ከሠራዊቱ ጋር የተጓዙት የጠመንጃ ቆቦችም፣ በሚያዝያ 1868 በአሮጌ ሜዳ የተኮሱት የእንግሊዝ ጠመንጃዎችም በእያንዳንዷ ተኩስ ጥቂት የባዜቃ ትነት ወደ አየር ይለቁ ነበር። መጠኑ ከብር ማቅለጫዎቹ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ነገር ግን ታሪክን ከኬሚስትሪ ጋር አገናኝቶ ለማስተማር ለሚሻ የአካባቢው መምህር በደጁ የሚገኝ ምሳሌ ነው።

፫. ባዜቃ በአየር ውስጥ የሚያደርገው ለውጥ

በአየር ውስጥ ያለው ባዜቃ በሦስት መልክ ይገኛል። የመጀመሪያው ኤሌክትሮኖቹን ያላጣ ነጻ የባዜቃ ጋዝ ሲሆን፣ ከጠቅላላው ከዘጠኝ አሥረኛ በላይ የሚሆነው ይህ ነው። ሁለተኛው ሁለት ኤሌክትሮኖችን ያጣና ከክሎሪን ወይም ከብሮሚን ጋር የተዋሐደ ጋዝ ነው። ሦስተኛው ከትቢያና ከጢስ ብናኝ ጋር የተጣበቀው ነው።

በእነዚህ መልኮች መካከል ያለው ልዩነት የብረቱን ዕጣ ይወስነዋል። ነጻው ጋዝ በውኃ የመሟሟት ኃይሉ በጣም ደካማ ስለሆነ ዝናም አጥቦ አያወርደውም። ስለዚህ ከጥቂት ወራት እስከ አንድ ዓመት በአየር ላይ ይቆያል። ነፋስ በሳምንታት ጊዜ ውስጥ ምድርን ሊዞር ስለሚችል፣ በእስያ ወይም በአውሮፓ ካለ የድንጋይ ከሰል ማንደጃ የወጣ ባዜቃ የጉናን ራስ ሳይነካ አያልፍም ብሎ መናገር ግነት አይሆንም። በዛሬው ጊዜ በምድር ሰሜናዊ አጋማሽ ላይ ከፋብሪካ ርቆ የሚገኝ አንድ ሜትር ኩብ አየር በአማካይ 1.5 ናኖግራም ያህል ባዜቃ ይይዛል። ናኖግራም ማለት የአንድ ግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በደቡባዊው አጋማሽ ደግሞ ወደ 1 ናኖግራም ዝቅ ይላል። ይህ ልዩነት አብዛኞቹ ፋብሪካዎች በሰሜን የሚገኙ ለመሆናቸው አንዱ ምስክር ነው።

ነጻው ጋዝ ወደ ሁለተኛው መልክ የሚለወጠው በዋነኛነት የብሮሚን አተሞች ሲያገኙት፣ እንዲሁም በኦዞንና በፀሐይ ብርሃን በተፈጠሩ ሌሎች ንቁ ውሑዶች አማካይነት ነው። ይህ የተለወጠው ባዜቃ በውኃ ይሟሟል፤ ከገጽ ጋርም ይጣበቃል። ስለሆነም በዝናም ወይም በደረቅ ርጋታ በፍጥነት ወደ ምድር ይወርዳል። በ1995 በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ በአለርት ጣቢያ በተደረገ ልኬት፣ የፀደይ ፀሐይ ስትወጣ በአየሩ ውስጥ የነበረው ነጻ ባዜቃ በቀናት ውስጥ ሊጠፋ እስኪቃረብ ድረስ ሲቀንስ ታየ። ምክንያቱ ከባሕር በረዶ ላይ የሚነሣው ብሮሚን መሆኑ ከዚያ በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ተረጋገጠ።

በየብስ ላይ ግን ሌላ ሰፊ በር አለ፤ እርሱም ቅጠል ነው። ዕፅዋት ለመተንፈስ በሚከፍቱት ቀዳዳ ነጻው የባዜቃ ጋዝ ገብቶ በቅጠሉ ውስጥ ይያዛል፤ ቅጠሉ ሲረግፍም ከአፈሩ ብስባሽ ጋር ይዋሐዳል። የጉና ሣርና አስታ፣ የጋይንት ባሕር ዛፍ፣ የእስቴ የቤተ ክርስቲያን ጽድ ሁሉ ይህን ሥራ ሳይታወቃቸው ይሠራሉ። ቅጠሉ ወይም ኩበቱ ሲነድ የተያዘው ባዜቃ ተመልሶ ወደ አየር ይወጣል፤ አፈሩ በፀሐይ ሲሞቅም እንዲሁ። አፈሩ በጎርፍ ሲታጠብ ደግሞ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይጓዛል፤ ከጉና ምዕራባዊ ገጽ በርብና በጉማራ ወደ ጣና፣ ከስማዳና ከጋይንት ገደሎች በበሽሎና በዓባይ ወደ ታች።

እዚህ ላይ መምህሩ አንድ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። ይህ ሁሉ የሚነገረው ገብሱና ባቄላው ተመርዟል ለማለት አይደለም። ከአየር የሚወርደው መጠን እጅግ አነስተኛ ነው። አደጋው የሚጀምረው ባዜቃው ኦክስጅን ባነሰበት የረጋ ውኃ ደለል ውስጥ ሲገባ ነው። በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሜቲል ሜርኩሪ ወደሚባል ውሑድ ይለውጡታል። ይህ ውሑድ ከሕያው አካል በቀላሉ ስለማይወጣ፣ ትንሹ ዓሣ በትልቁ፣ ትልቁም በሰው ሲበላ በየደረጃው እየተከማቸ ይሄዳል። በእርግዝና ላይ ያለውን ጽንስ አንጎል ከሁሉ አብልጦ የሚጎዳውም ይኸው ነው።

፬. ዕውቀቱ የተገኘበትና የተሰወረበት ታሪክ

ሚናማታ በተባለች የጃፓን የባሕር ዳርቻ ከተማ አንድ የኬሚካል ፋብሪካ ከ1932 እስከ 1968 ድረስ አሴታልዴሃይድ ሲያመርት ባዜቃ ያለበትን ዝቃጭ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር። ምክንያቱ ያልታወቀ የነርቭ በሽታ በከተማዋ መታየቱ በይፋ የተመዘገበው በግንቦት 1956 ነው። በ1959 የፋብሪካው ሐኪም የራሱን የፋብሪካውን ዝቃጭ ለድመት አብልቶ ያንኑ በሽታ አየ፤ ውጤቱ ግን ለሕዝብ እንዳይገለጥ ተደረገ። መንግሥት ምክንያቱን በይፋ ያመነው በ1968 ነው። በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት የዚያ ሙከራ ውጤት ለዓሣ አጥማጁ አልደረሰም።

በስዊድን አገር በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የዱር አዕዋፍ በብዛት ሲሞቱ፣ ምክንያቱ ለዘር እህል መከላከያ የሚቀባው የባዜቃ ውሑድ መሆኑ ታወቀ፤ በ1966ም ሜቲል ሜርኩሪ ያለበት የዘር ቅብ ተከለከለ። ጄንሰንና የርነሎቭ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1969 ባወጡት ጽሑፍ በደለል ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን ተራውን ባዜቃ ወደ ሜቲል ሜርኩሪ እንደሚለውጡ አስረዱ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ምንም ፋብሪካ በአጠገባቸው በሌለ የስዊድን ሐይቆች ውስጥ የሚገኙ ዓሦች ባዜቃ ተሸክመው ሲገኙ፣ ነፋስ ምን ያህል አጓጓዥ እንደሆነ ግልጽ ሆነ።

ለጋይንትና ለስማዳ መምህር ከሁሉ ይልቅ ቅርብ የሚሆነው ግን የኢራቅ ታሪክ ነው። በ1971 በድርቅ ለተጎዱ የኢራቅ ገበሬዎች በሜቲል ሜርኩሪ የታሸ የስንዴ ዘር ከውጭ ገብቶ ታደለ። በብዙ ስፍራ ዘሩ የደረሰው የመዝሪያው ወራት ካለፈ በኋላ ነበር። በየጆንያው ላይ ማስጠንቀቂያ ነበረበት፤ የተጻፈው ግን ገበሬው በማያነበው በባዕድ ቋንቋ ነው። ዘሩ መርዝ መሆኑን እንዲያመለክት ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ቀለሙ ግን ሲታጠብ ስለሚለቅ መርዙም አብሮ የለቀቀ መሰለ። ስንዴውን ለዶሮዎች ሰጥተው የሞከሩም ነበሩ፤ መርዙ ምልክቱን የሚያሳየው ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ ዶሮዎቹ ደኅና ሆነው ታዩ። ስንዴው ተፈጭቶ ተጋገረ። ሆስፒታል ከገቡት 6530 ሰዎች መካከል 459 ሞቱ።

የጋይንትና የስማዳ ሕዝብም ድርቅን በተደጋጋሚ ያየ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከዕርዳታ እህል ጋር ለረጅም ጊዜ የኖሩትን እነዚህን ወረዳዎች ያቀፈው ያለ ምክንያት አልነበረም። በክፉ ቀን ዘርና ቀለብ የሚለዩበት መስመር ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ለዚህ አገር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በዛሬው ጊዜ ዘር በባዜቃ አይታሽም። የተቀባ ዘር ግን በሌላ መድኃኒት እየታሸ እስከ ዛሬ ይመጣል፤ የማስጠንቀቂያውም ቋንቋ ሁልጊዜ አማርኛ አይደለም።

የዓለም መንግሥታት በጥቅምት 2013 በኩማሞቶ ከተማ የተቀበሉት የሚናማታ ስምምነት በነሐሴ 2017 ሥራ ላይ ውሏል። ስምምነቱ የባዜቃ ቴርሞሜትርና የደም ግፊት መለኪያ የሚመረትበት፣ የሚገባበትና የሚወጣበት ጊዜ በ2020 እንዲያበቃ ወስኗል።

፭. ወደ አካባቢያችን የሚያደርሱ በሮች

ከአየር በቀር ባዜቃ ወደ እነዚህ ወረዳዎች ሰዎች የሚደርስባቸው ሦስት በሮች አሉ።

የመጀመሪያው የትምህርት ቤቱና የጤና ጣቢያው ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። ከስምምነቱ በፊት የተገዙ ቴርሞሜትሮች በየመደርደሪያው ይገኛሉ። ይህ ጸሐፊ ከዓመታት በፊት ለሥራ በሄደበት በአንድ ትምህርት ቤት ቴርሞሜትር ተሰብሮ፣ ተማሪዎች የብር ዶቃ የሚመስለውን ጠብታ በመዳፋቸው እያንከባለሉ፣ ሳንቲም እያሹበትም ሲያብለጨልጩ አይቷል። መምህሩም ይመለከት ነበር፤ የሚከለክልበት ምክንያት አልታየውም። በተማሩበት መጽሐፍ ውስጥ የብረቱ ክብደትና የሚፈላበት ሙቀት እንጂ ትነቱ አልተጻፈም ነበር።

ሁለተኛው ወርቅ ነው። በኢትዮጵያ ባህላዊ የወርቅ አውጪዎች ለዘመናት አሸዋውን በገበቴ እያጠቡ ያለ ባዜቃ ሲሠሩ ኖረዋል። በዓለም ደረጃ ግን በአሁኑ ጊዜ ዋናው የባዜቃ ምንጭ ባህላዊና አነስተኛ የወርቅ ማውጣት ሥራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ባወጣው ግምት መሠረት፣ በ2015 በሰው ሥራ ወደ አየር ከገባው 2220 ቶን ያህል ባዜቃ ውስጥ ወደ 38 በመቶ የሚሆነው ከዚህ የመጣ ነው። ወርቁን የያዘው ባዜቃ በምድጃ ላይ ሲጋል ትነቱን አስቀድሞ የሚተነፍሰው ምድጃውን የከበበው ሰው ነው። ከደጋው ወደ ቆላ ሥራ ፍለጋ የሚወርድ ወጣት ዛሬ ለሰሊጥ አጨዳ ቢሄድ፣ ነገ ወደ ወርቅ ማውጫ መድረሱ የማይቀር ሊሆን ይችላል። ያንን ምድጃ በሚያይበት ቀን የሚያስታውሰው ትምህርት ሊኖረው ይገባል።

ሦስተኛው የረጋ ውኃ ነው። አዲስ ግድብ ዕፅዋትና አፈር ሲያጥለቀልቅ በደለሉ ውስጥ ሜቲል ሜርኩሪ የሚፈጠርበት ሁኔታ እንደሚመቻች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በካናዳ የላ ግራንድ ግድቦች ታይቷል። ከስማዳና ከእስቴ የሚታጠበው አፈር በዓባይ በኩል በ2020 ውኃ መያዝ ወደጀመረው ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይወርዳል። በካናዳ የታየው በእኛም ደርሷል ማለት አይቻልም፤ የአየሩም የአፈሩም ጠባይ የተለያየ ነውና። የግድቡን ዓሣ በየጊዜው መለካት ግን ብልህነት ነው። በጋይንት ተዳፋት ላይ የሚሠራ እርከንም አፈሩን ከነባዜቃው በቦታው የሚያቆይ ስለሆነ፣ ለገበሬው ከሚሰጠው ጥቅም በላይ ለታችኛው ሰው የሚሰጠው ጥቅም አለው።

፮. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች የቀረበ ሐሳብ

በመጀመሪያ፣ ባዜቃ በሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ በእንግሊዝኛ ስሙ ብቻ ከመቅረቡ አስቀድሞ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ በአማርኛ ስሙ፣ ከነጠባዩና ከነጉዳቱ ሊታወቅ ይገባዋል። ተማሪዎች ከ8ኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ሊያቋርጡ ስለሚችሉ፣ እስከዚያ ያልተነገራቸው ማስጠንቀቂያ ጨርሶ ላይነገራቸው ይችላል።

ሁለተኛ፣ በየትምህርት ቤቱ ያሉ የባዜቃ ቴርሞሜትሮች ተቆጥረውና ታሽገው በአንድ ቦታ ይቀመጡ፤ በምትካቸውም ባዜቃ የሌለባቸው ይገዙ። አንዱ ቢሰበር ተማሪዎች ከክፍሉ ይውጡ፤ መስኮቶች ይከፈቱ፤ ጠብታዎቹ በጠንካራ ወረቀት ተሰብስበው ጥቂት ውኃ ባለበት ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ ይቀመጡ። በመጥረጊያ መጥረግ ጠብታውን ይበታትነዋል፤ ወደ እሳት መጣል ደግሞ ሁሉንም ወደ ትነት ይለውጠዋል። ስለዚህ ሁለቱም ፈጽሞ አይደረጉ።

ሦስተኛ፣ ትምህርቱ ከአካባቢው ይነሣ። ባዜቃ በሌለበት ቴርሞሜትር ውኃ በነፋስ መውጫ፣ በመካነ ኢየሱስና በወገዳ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ተማሪዎች ለክተው ውጤታቸውን ቢለዋወጡ፣ ስለ አየር ክብደት ቶሪቼሊ የደረሰበትን እውነት ያለ ባዜቃ ይደርሱበታል።

አራተኛ፣ በግብርና ጽሕፈት ቤቶች በኩል የሚታደል ማናቸውም የተቀባ ዘር ማስጠንቀቂያው በአማርኛ የተጻፈ መሆኑን መምህራን ተማሪዎቻቸውን አስነብበው ያረጋግጡ፤ ተማሪውም ለቤተ ሰቡ ያንብብ።

ማጠቃለያ

ባዜቃ አይቃጠልም፤ አይበሰብስም። በሌሎች አህጉራት ለብርና ለወርቅ ሲባል ወደ አየር የተለቀቀው በጥልቅ የባሕር ደለል ውስጥ እስኪቀበር ድረስ ለዘመናት ከአየር ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ውኃ ሲመላለስ ይኖራል። ነፋስ መውጫ በስሟ የምትመሰክረውን ነፋስ ማስቆም የማንም ሥልጣን አይደለም። ነገር ግን የኢራቁ ገበሬ ጆንያውን ሲፈታ በአጠገቡ የጆንያውን ጽሑፍ አንብቦ የሚተረጉምለት አንድ የመንደር ተማሪ ቢኖር ኖሮ ስንዴው ባልተጋገረ ነበር። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ እንዲህ ያለ ተማሪ በየቤቱ እንዲኖር ማድረግ የመምህሩ ሥራ ነው።